አንድ ጋቢ ቀርቶኛል

አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ የወደቀው ግንቦት ላይ ነው። ጉድጓድ ስል የውሃ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ሸማኔ አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን የሚሰድበት፣ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ የተቆፈረ የሥራ ጉድጓድ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ዳገት ላይ፣ እኛ ልጆች ሳለን ይህ ጉድጓድ የሌለበት ቤት አልነበረም። አርባ ሰባት ዓመት በየማለዳው ሲገባበት በየማታው ሲወጣበት የኖረ ሰው፣ አንድ ማክሰኞ እግሩ ሳተና በጎኑ ወደቀበት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት እዚያው ቆየ። ጎረቤታችን ጋሽ ቶለሳ የሽመናው ድምፅ ሲጠፋባቸው ሊያዩት ባይመጡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም።

"ለምን አልተጣራህም?" አልኩት፣ ተናድጄ።

"ሰው ሥራ ላይ ነው። ምን ብዬ ልጥራ?" አለኝ።

ዳኜ ይባላል፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ከጨንቻ መጥቶ እዚህ ዳገት ላይ ተተከለ። እናቴ የሺሀረግ ከሞተች ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ብቻውን ነው የኖረው። ዓይኑም ደክሟል። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቅ ብሎናል። አባቴ ግን "አያለሁ" ነው የሚለው። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ ነው የሚለካው። ይህን እያየሁ "አያለሁ" ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

እኔ መሰለች ነኝ፣ እሱ መሰሉ የሚለኝ የበኩር ልጁ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ የተከፈተ ፋይል ሳይዘጋ ካደረ እንቅልፍ አይወስደኝም። ነገር ሲንዛዛ አልወድም። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያለ ሲያሾፍብኝ ነው ያደግሁት። እኔ ደግሞ "ማፍሰሱስ ይሁን፣ መልቀሙን እንደኔ የሚያፈጥን አለ?" እለው ነበር። ያን ጊዜ ሁለታችንም እንስቅ ነበር።

ከወደቀ በኋላ ወንድሜ ፊሊሞን ከሐዋሳ መጣና ሦስታችን ተቀመጥን። አባቴ ብቻውን መኖር እንደማይችል ግልጽ ነበር። ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ ወይ ከእኔ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ወይ ከፊሊሞን ጋር ሐዋሳ፤ ወይ ደግሞ እዚሁ ቤቱ ውስጥ አብራው የምታድር ሠራተኛ ፈልገን። ፊሊሞን "ዝም ብለን እንውሰደው መሲ፣ በቃ፣ ሽማግሌ ሲጠየቅ እምቢ ነው የሚለው" አለኝ በጆሮዬ። እምቢ አልኩ።

እምቢ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። እናቴ ስትታመም ማንም አልጠየቃትም። እኔ ቤት ሁለት ወር አስቀመጥናት፤ ከዚያ ሙቀት ይሻላታል ብለን ሐዋሳ ወሰድናት፤ እዚያው በማታውቀው አልጋ፣ በማታውቀው መስኮት ሥር ሞተች። ከቀብር ስንመለስ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። "ጠይቃችኋት ነበር?" አለ። ያን ዕለት በልቤ ማልኩ፦ የእሱ ጊዜ ሲደርስ እሱ ራሱ ይወስናል፣ ከአፉ ሳልሰማ አንድ ዕቃ አላነሳም።

ስለዚህ እጁን ይዤ፣ "አባዬ፣ ማንም አያስገድድህም። የት መኖር እንደምትፈልግ አንተ ትነግረናለህ፣ እኛ እንፈጽማለን" አልኩት።

እጁን ወደ ሽመና ዕቃው ዘርግቶ የተወጠረውን ድር በመዳፉ ዳበሰው።

"አንድ ጋቢ ቀርቶኛል" አለ። "እሱ ሲያልቅ እነግራችኋለሁ።"

አንድ ጋቢ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጥሩ ሸማኔ በሳምንት ይጨርሰዋል። እሺ አልን።

ክረምቱ ገባ። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በታክሲ እየተጋፋሁ፣ ጭቃውን ዳገት እየወጣሁ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የማየው አባቴን አይደለም፤ ድሩን ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ጋቢ አልቆ፣ ታጥፎ አልጋው ላይ አገኘሁ። ደስ አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ስመለስ ግን ዕቃው ላይ አዲስ ድር ተወጥሯል።

"አባዬ፣ አንድ ጋቢ ብለኸኝ አልነበር?"

"ያኛው የሰው ትዕዛዝ ነበር። የቀረኝ ይሄኛው ነው።"

ነሐሴ አለፈ። መስከረም አለፈ። ጋቢው ሁለት ክንድ አልሞላም። ተቀምጬ አየው ነበር። እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን መርገጫዎች ተራ በተራ ይጫናሉ፣ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ ክር ይበጠሳል፣ ጣቶቹ በድሩ ላይ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ፤ የተበጠሰችውን አንዷን ክር ፈልጎ ለመቋጠር ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ሌላ ልጅ ቢሆን ያዝን ነበር። እኔ ግን ሰዓቴን እመለከታለሁ። እያታለለኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። መሄድ ስለማይፈልግ፣ እምቢ ማለት ደግሞ ስለከበደው፣ በዚህ ጋቢ ተደብቆ ዕድሜውን ሊጨርስ ነው አልኩ። በመስከረም መጨረሻ ምድጃ ላይ ረስቶት የሄደው ድስት ተቃጥሎ ቤቱ በጢስ ተሞልቶ ጋሽ ቶለሳ ደረሱለት። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም።

የሸማኔ ልጅ ሆኜ ስለ ሽመና የማውቀው ነገር እንደሌለ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። አባቴ እኔንና ፊሊሞንን ከጉድጓዱ ያባርረን ነበር። "እናንተ በብዕር ነው የምትበሉት" ይለን ነበር። ሸማኔ መባል ስድብ በሆነበት ዘመን ያደገ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። መወርወሪያውን ለጨዋታ ካነሳን እንኳ ይቀማናል። እሱ እንዳሰበው በብዕር በላን። ዕቃውን ግን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው የማውቀው።

ታዲያ እንዲወስን ላግዘው አሰብኩ። ክፉ አላሰብኩም። እዚህ ሰፈር ብረት የሚበይድ ሰው ጉድጓድ የማይፈልግ፣ በእግሩ የሚቆም የብረት የሽመና ዕቃ እንደሚሠራ ሰምቼ ነበር። ልኩን ጋሽ ቶለሳን ጠይቄ አሠራሁና ቤቴ፣ ትንሿ ክፍል ውስጥ አቆምኩት። አባቴ የፈራው ሥራውን ማጣት ከሆነ ሥራው ቀድሞት ይጠብቀዋል። ከጋሽ ቶለሳ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ ሲያየው የሚሆነውን እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ፊሊሞን መጥቶ አባቴን ለዓይን ቀጠሮው ሆስፒታል ይዞት ሄደ። እኔ ቤት ላጽዳ ብዬ ቀረሁ። ስጠርግ ስወለውል ዓይኔ ከዚያ ድር ላይ አልነቀል አለ። ዛሬ ዕቃውን ፈትቼ ብወስደው፣ ነገ ብረቱ ላይ ገጣጥሜ ብጠብቀው፣ "ና እይ" ብለው፣ መወሰኑ አይቀልለትም? ምሽት ሳይደርስ የሚያልቅ ሥራ ነው። ጋቢውን ደግሞ እዚያ ይጨርሰዋል።

መቀስ አነሳሁ።

ዕቃው መሀል ላይ ከክር የተሠሩ፣ ጎን ለጎን የተንጠለጠሉ ሁለት መጋረጃ መሳይ ነገሮች አሉ። በእያንዳንዳቸው በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀለበቶች አሉባቸው፤ የድሩ ክሮች አንድ በአንድ በየቀለበታቸው ያልፋሉ። እኔ በተሸመነው በኩል አንድ ጊዜ፣ ባልተሸመነው በኩል አንድ ጊዜ ቆረጥኩ። ቀለበቶቹ ውስጥ የቀሩትን ቁርጥራጮች እየመዘዝኩ ጣልኩ። ከቆሻሻ ጋር ጠራርጌ አወጣኋቸው። ባዶዎቹ መጋረጃዎች በአቧራና በእጅ እድፍ ጠቁረው ስላየኋቸው በኦሞ ዘፍዝፌ አጠብኳቸው፣ ደጅ ገመዱ ላይ አሰጣኋቸው። ነጭ ሆኑ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አየኋቸው። ኮራሁ።

ጋሽ ቶለሳ ያገኙኝ እንዲህ ቆሜ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሱሉልታ መጥተው ሽመናን ከአባቴ የተማሩ ሰው ናቸው። ገመዱን አዩ። እኔን አዩ። ወደ ቤት ገቡና ወጡ።

"መሰለች፣ ምን አደረግሽ?"

"ምን አደረግሁ?"

"ክሩስ? ቀለበት ውስጥ የነበረው ክር የት አለ?"

"ጣልኩት። ቁርጥራጭ ነው እኮ ጋሽ ቶለሳ። እዚያ ሄዶ በአዲስ ክር ይቀጥላል።"

እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እንደ ሕፃን አስረዱኝ። ሸማኔ አንዱን ጨርሶ ሌላ ሲጀምር አሮጌውን ክር ከቀለበቶቹ አያወጣም። ጫፉን እዚያው ይተወውና አዲሱን ክር ከአሮጌው ጋር አንድ በአንድ እየቋጠረ ይስበዋል። ቀለበት ውስጥ ክር ማስገባት የዓይን ሥራ ነው። መቋጠር ግን የጣት ሥራ ነው።

"አባትሽ ቀለበቶቹን ማየት ካቆመ አራት ዓመቱ ነው" አሉኝ። "እየቋጠረ ነው የኖረው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።"

አራት ዓመት። እሑድ እሑድ የመጣሁባቸውን ቀናት ሁሉ አሰብኩ።

"ክሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያስገባው ደግሞ ከእናትሽ ጋር ነው" አሉ ቀጥለው። "ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከወዲያ ያቀብላል፣ አንዱ ከወዲህ ይስባል። የሺሀረግ ሳትታመም ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የሸመነው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የተቋጠረው።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? የብረቱን ልክ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?"

"ትቆርጪዋለሽ ብዬ እንዴት ላስብ? እኔና እሱ ተነጋግረን ነበር እኮ። ጋቢው ሲያልቅ ክንድ የሚያህል ክር ቀለበቱ ውስጥ ትተን፣ ቋጥረን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ይዘንልሽ ልንመጣ ነበር። ብረቱን ነግሬዋለሁ። ደስ ብሎት ነበር።"

"ወዴት ነው የምትመጡት?"

"አንቺ ቤት ነዋ! ወዴት ይሆናል? በግንቦት ነው የወሰነው። ጋቢው ያንቺ ነው። ልጄ ቤት ባዶ እጄን አልገባም ብሎ ነው፤ እንዳትሰሚ አስምሎኝ ነው።"

አለቀስኩ። ለቅሶ ደግሞ አይጠቅምም፤ ወደ ቆሻሻው ሮጥኩ። ቁርጥራጮቹን ለቀምኩ፣ በሁለት እጄ ሙሉ ይዤ መጣሁ። ጋሽ ቶለሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። እያንዳንዳቸው ከጣት አይበልጡም ነበር።

አባቴ ከፊሊሞን ጋር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ቤቱ ስለተወለወለ "ሸተተ፣ ሸተተ፣ መሰሉ ስትወለውል ውላለች" አለ እየሳቀ። እንደለመደው ጫማውን አወለቀ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፣ አፋፉ ላይ ተቀመጠና እግሮቹን ሰደደ። ከዚያ እጆቹን ዘረጋ። ድሩ በነበረበት ቦታ ላይ እጆቹ ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ። ወደ ላይ ከፍ አደረጋቸው። ፊሊሞን ምንም ስላልገባው በሩ ላይ ቆሞ ያየናል።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ" አልኩት። "ብረቱ ላይ ልገጥምልህ ብዬ… አላወቅሁም። ቆረጥኩት።"

"መቀሱን በየት በኩል አስገባሽው?"

"በሁለቱም።"

ጋሽ ቶለሳ ገመዱ ላይ የነበሩትን አምጥተው ጭኑ ላይ አኖሩለት። በጣቶቹ ቀለበቶቹን ለየ። ባዶ መሆናቸውን አወቀ። ሌላም ነገር አወቀ።

"አጠብሽው?" አለኝ።

"ቆሽሾ ነበር አባዬ።"

"እሺ" አለ። "እሺ።"

ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ያን የእንጨት መወርወሪያ ቢወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ ቶለሳ ጎንበስ ብለው፣ "ጋሽ ዳኜ፣ እኔ አስገባልዎታለሁ። ሦስት ቀን ቢፈጅ ነው" አሉት።

"አንተ ታስገባዋለህ። ቀለበቱ ውስጥ ክር በተበጠሰ ቁጥር የካ አባዶ ድረስ ልጠራህ ነው? ደግሞ የሚያቀብል ሰው ይፈልጋል።"

"እኔ አቀብላለሁ!" አልኩ። "ከሥራ ፈቃድ እወስዳለሁ አባዬ። አስተምረኝ። እኔ አቀብላለሁ።"

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ዓይኖቹ እኔን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያዩት።

"አንቺ ትቸኩያለሽ፣ ልጄ" አለኝ። በቁጣ አልነበረም።

ከጉድጓዱ ለመውጣት ሁለታችን ደግፈነው ነው የተነሳው። ድሮ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም ነበር። ፊሊሞን ነገሩን ለማብረድ መስሎት፣ "አባዬ፣ እንግዲህ… ማለቴ፣ የት መሆን ነው የምትፈልገው?" ብሎ ጠየቀ። ልገድለው ፈለግሁ።

"ጋቢው ሲያልቅ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር" አለ አባቴ። "አሁንማ መሰሉ ትወስን።"

በኅዳር ወደ እኔ ቤት መጣ። ሦስተኛ ፎቅ በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ። ብረቱን በእጁ ዳሰሰው፣ "ጠንካራ ነው" አለና አልጋው ላይ ተቀመጠ። ብረቱ አሁንም እዚያው ባዶውን ቆሟል፤ ላወጣው ብዬ ሁለት ጊዜ ተሸካሚ ጠርቼ ሁለቱንም ጊዜ መልሻለሁ። ሁለት ክንድ የማይሞላው ጋቢ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ለትከሻም ለጉልበትም አይሆንም። አንዳንዴ አውጥቼ ክር የተበጠሰባቸውን ቦታዎች በጣቴ እፈልጋለሁ። በዓይን አይታዩም፣ ጣት ግን ያገኛቸዋል።

ፊሊሞን በየሳምንቱ ይደውላል። "ተስማማው? አስቸገረሽ?" ይለኛል። ምንም አያስቸግርም። ድስት አያቃጥልም፣ አይወድቅም፣ ጠብታውን ስሰጠው ቀና ይላል። እንደ እሱ ያለ የማያስቸግር ሽማግሌ በሕንፃው ውስጥ የለም ይሉኛል ጎረቤቶቼ።

"ሻይ ላምጣልህ ወይስ ወተት?" እለዋለሁ።

"አንቺ ወስኚ።"

"ሹራብ ልደርብልህ? ሬዲዮ ልክፈትልህ? ጋሽ ቶለሳን ልጥራልህ?"

"አንቺ ወስኚ።"

ይህን በምሬት ቢለው እከራከረዋለሁ። የሚለው ግን ታክሲ ላይ ቦታ እንደሚለቅ ሰው በትሕትና ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። "አባዬ፣ መስኮቱን ልዝጋው?" አልኩት።

"አንቺ ወስኚ" አለኝ።

አልቸኮልኩም። እጄን መስኮቱ ላይ እንዳደረግሁ፣ ይበርደኛል ወይም ተይው እስኪለኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁት። ሻዬ ቀዘቀዘ። ታች ልጆች ኳስ ተጫውተው ጨርሰው ገቡ። የአባቴ እግሮች ብቻ ወለሉ ላይ ተራ በተራ አንዴ ቀኙ አንዴ ግራው ይጫኑ ነበር። ሲመሽ ዘጋሁት።